ድንኳን ለአንድ ሰው

ሰው ግን ምን ሆኗል? ባለፈው ሰኞ ብቻ ሦስት ሰው አስቁሞኛል። አንዱ ባጃጅ ውስጥ፣ አንዱ ጸጉር ቤት። ሦስተኛው፣ አንጀቴን ያሳረረው እሱ ነው፣ የቢሮዬን በር ከፍቶ ገባ። ባለጉዳይ መስሎኝ ከወንበሬ ተነሥቼ ብቀበለው፣ «በብስክሌት ሄዶ ውጭ ስለማደር ትንሽ ምክር ፈልጌ ነበር፤ ምን ዓይነት ድንኳን ይሻላል?» አለኝ። እየሳቀ! ጥርሱን እስከ መንጋጋው እያሳየኝ!

ከዲላ እስከ ጪጩ የኔን ጉድ ያልሰማ ሰው እንደሌለ ዐውቃለሁ። እሺ። ምክር ነው የምትፈልጉት? ዕቃውንም፣ ክለቡንም፣ የሚኬድበትንም ቦታ እነግራችኋለሁ። ከዚህ በኋላ ግን መንገድ ላይ የሚያስቆመኝ ሰው ወዮለት።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልናዘዝ፤ እሱን ሳታውቁ ሌላው አይገባችሁም። ባለቤቴ አስቴር የቡሌ ልጅ ናት። ከአራት ዓመት በፊት ልንጋባ ስንል አባቷ አባባ ዱካለ አንድ ሥራ ሰጡኝ። አንድ ብቻ! «ወርቃ ሄደህ ታናሽ ወንድሜን በራሶን በአካል ጥራልኝ። ቤቱ ገብተህ፣ ፊቱ ቆመህ፣ ‹ወንድምዎ ልከውኝ ነው› በለው። አንተንም ዐይቶ ይመርቅህ» አሉኝ። እሺ አልኩ። ግን እናንተ ራሳችሁ ፍረዱ፤ ሠርግ ደርሷል፣ ሱፉ ትከሻው ላይ ጠቦኛል፣ ወርቃ ሩቅ ነው፣ ዝናብ ነው። የአማቴ ስልክ ደግሞ ያን ቀን ካርድ ልሞላላቸው እኔ ኪስ ውስጥ ነበር። «እሑድ ሠርግ አለ። እንዳትቀር» ብዬ በሳቸው ስልክ ለጋሽ በራሶ ጻፍኩና ላክሁት። አለቀ። ለአማቴ «ጠርቻቸዋለሁ» አልኳቸው። ውሸት ነው እንዴ? ጠርቻቸዋለሁ እኮ!

ጋሽ በራሶ ቀሩ። አማቴ «ሙሽራውን ራሱን ደጁ ድረስ ልኬለት ናቀኝ» ብለው አኮረፉ። ጋሽ በራሶ ደግሞ «የእናቴ ልጅ በስልክ ጽሑፍ ጠራኝ» ብለው አኮረፉ። ሽማግሌ ሲላክ ሁለቱም የሚሉት አንድ ነው፤ «ጥፋቱን እሱ ያውቀዋል።» ጥፋቱን የሚያውቁት በዓለም ላይ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ እኔና አስቴር። አስቴር አራት ዓመት ሙሉ «ንገራቸው፤ ሳይታረቁ አንዱ ቢሞት በኔና በአንተ ጫንቃ ነው» ስትለኝ ኖረች። እኔም «እነግራቸዋለሁ» ስላት ኖርኩ። ጉዳዩ ይሄ ነው፤ እንግዲህ ወደ ምክሩ።

ክለብን በተመለከተ፣ ከጎማ መንፊያ በፊት ማኅተም ያስቀረጸ ክለብ ካያችሁ ሩጡ። የኛ ክለብ ሊቀመንበር ብሩክ ይባላል። ከአዲስ አበባ መጥቶ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር፣ እኛ ግቢ የተከራየ ልጅ ነው። ጥሩ ልጅ ነው፤ ጥሩነቱ ነው የሚያበሽቀኝ፣ ሰው እንኳ እንዳይቀየመው። አንድ ቀን ደረጃ ስወጣ ሳለከልክ ዐየኝና «ጋሼ፣ ፊትነስዎ ዜሮ ነው። ለምን ባይክ አይጀምሩም? ክለብ እኮ አለን» አለኝ። ክለቡ መተዳደሪያ ደንብ አለው፣ ሊቀመንበር አለው፣ ምክትል አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ የሕዝብ ግንኙነት አለው። ማኅተሙ ላይ ተራራና ጎማ ተስሏል። አባላቱ ከኔ ጋር አምስት ነን። ብስክሌት ያለን ሁለት ነን። ብስክሌት የሌላቸው ሦስቱ ሥራ አስፈፃሚ ሆነው ተመርጠዋል!

ይሄ ሥራ አስፈፃሚ በየሳምንቱ ይሰበሰባል። ስለ ዳገት ሦስት ሰዓት ይነጋገራሉ። ዳገቱን የምወጣው እኔ ዝም ብዬ እሰማለሁ፤ እጄን ሳወጣ «አስተያየትዎን በጽሑፍ» ይሉኛል። የጉዞው ዕለት ጠዋት ስንት ሰው የመጣ ይመስላችኋል? ብሩክና እኔ። ምክትሉ ፈተና አለብኝ አለ፣ ጸሐፊዋ ጉንፋን ያዘኝ አለች፣ ሕዝብ ግንኙነቱ በቴሌግራም አውራ ጣት ላከልን።

የዕቃው ነገርማ አይነሣ። ብሩክ አንድ ሙሉ ገጽ ዝርዝር ላከልኝ፤ የመኝታ ከረጢት፣ ተጣጣፊ ምድጃ፣ ግንባር ላይ የሚታሰር መብራት። ዲላ ገበያ ውስጥ ስዞር ጫማዬ አለቀ። የመኝታ ከረጢት ስል ማዳበሪያ አመጡልኝ፤ «በደንብ የታጠበ ነው» ብለው። ግንባር ላይ የሚታሰር መብራት ስል አንዷ ነጋዴ ሻሽና የእጅ ባትሪ ሰጠችኝና «እሰረው፤ ማን ከለከለህ?» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ የከለከለኝ የለም።

ድንኳን ግን ጠፋ። ብሩክ ከአዲስ አበባ ያመጣት አለችው፤ ስትታጠፍ አንድ ዳቦ አታክልም። እኔ ከገበያው ጀርባ ለእድሮች ድንኳን የሚሰፉ አንድ አዛውንት ዘንድ ሄድኩ።

«ድንኳን ፈልጌ ነበር» አልኳቸው።

«ነፍስ ይማር» አሉኝ ሜትራቸውን ከአንገታቸው እያወረዱ። «ለስንት ሰው?»

«ለአንድ ሰው።»

ሜትሩን ቀስ አድርገው አስቀመጡት። «ሟቹን ነው ለቀስተኛውን?»

ማስረዳት ጀመርኩ። ብስክሌት አልኩ፣ ተፈጥሮ አልኩ፣ ንጹሕ አየር አልኩ። ጨርሼ ሳበቃ ዙሪያቸውን ቃኙና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ቤትህን ምን አገኘው?» አሉኝ። ደኅና ነው አልኳቸው። «ከባለቤትህ ጋር ነው?» አሉኝ። ደኅና ነን አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አላመኑኝም። ከሳምንት በኋላ ስመለስ ወፍራም አረንጓዴ ሸራ፣ ጫፉ ዙሪያውን ነጭ ሽንሽን ያለው ድንኳን ዘርግተው አሳዩኝ። ቁርጥ የእድር ድንኳን! ዝናብ መትቶት የተኮማተረ የእድር ድንኳን! ደሜ ፈላ።

«አባቴ፣ ይሄ እኮ የለቅሶ ነው!»

«ድንኳን ነዋ ያልከኝ» አሉ።

ምን ይባላል? ተሸክሜው ወጣሁ። ከነቋሚው ስመዝነው ከኔ ብዙም አያንስም።

ከዚያ የሚኬድበት ቦታ መጣ። አንዱ ሥራ አስፈፃሚ ጪጩ እንሂድ አለ። ጪጩ! ጪጩ ድንኳን ተክዬ ባድር አስቴር ራቴን በባጃጅ ነው የምትልክልኝ። ሌላው ወርቃ አለ። ወርቃ ቡና የሚታጠብበት ወቅት ነው፤ ቡና የተሰጣበት አጠገብ ሸራ ወጥሮ የተኛ ሰው ለጥበቃ ምን ብሎ ሊያስረዳ ነው? ብዬ ተከራከርኩ። እናንተ ግን ገብቷችኋል፤ ወርቃን የፈራሁት በጥበቃ አይደለም፣ በጋሽ በራሶ ነው። እንዲህ ከወርቃ ስሸሽ ብሩክ «እንግዲያው ቡሌ! ቀዝቃዛ ነው፣ ትንኝ የለም፣ ቪውው ያምራል» ብሎ ማኅተሙን መታበት። ከአንዱ ወንድም ስሸሽ ሌላው ደጅ ወደቅሁ።

አስቴር ስትሰማ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «ቡሌ ሄደህ ሜዳ ላይ ልታድር? አባቴ ቤት እያለ? ሰው ምን ይላል?»

«ስፖርት ነው» አልኳት።

«ስፖርትህን አባቴ ግቢ ውስጥ ትሠራለህ። ደግሞ በዚያው ትነግራቸዋለህ። ሳትነግራቸው እንዳትመለስ!»

ከማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ተነሣን። ከዲላ ወደ ቡሌ ያለውን ዳገት በመኪና ሄዳችሁበት ከሆነ፣ መኪናውን ጠይቁት፤ እናንተ አታውቁትም። ብሩክ ማርሽ ባላት ብስክሌቱ ዝንብ እንደማባረር እግሩን እያወዛወዘ ወጣ። እኔ መጀመሪያ ነዳሁ፣ ቀጥሎ ገፋሁ፣ ቀጥሎ ተሸከምኩ። ከላዬ ዝናብ፣ ከሥሬ ጭቃ፣ ከኋላዬ የእድር ድንኳን። አንድ ከገበያ የሚመለሱ እናት እንሰት ተሸክመው በአጠገቤ ሲያልፉ በሐዘን ዐዩኝና «አይዞህ» አሉኝ። እሳቸው ናቸው የተሸከሙት፣ እኔን ነው አይዞህ የሚሉኝ! ቡሌ ልንገባ ትንሽ ሲቀረን የብስክሌቴ ካቴና ቀጭ ብሎ ተበጠሰ። በእግሬ እየጎተትኳት አማቴ ደጅ ደረስኩ። አምስት ሰዓት ሆኗል።

ብሩክ ካቴና ፍለጋ ወደ ከተማው ገባ። አማቴ ብርድ ልብስ ተከናንበው በሩ ላይ ቆመው ተቀበሉኝ። ጉንፋን ጥሏቸው ሰንብቷል። ባለቤታቸው እኛ ዘንድ የልጅ ልጅ ሊጠብቁ ዲላ ወርደዋል፤ ብቻቸውን ናቸው።

«ቤት ሞልቶ ውጭ ልትተኛ?» አሉኝ ሸራውን እያዩ።

«ስፖርት ነው አባባ።»

«መተኛት ነው ስፖርቱ?»

 መልሴን አልጠበቁም። «ትከለው እንግዲህ። ከደጄ ግን አንድ እርምጃ እንዳትወጣ፤ አማቹን ሜዳ ላይ አስተኛው እንዳልባል። እኔ ጋደም ልበል» ብለው በሩን ዘግተው ገቡ። ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ነበር፣ እውነቴን ነው። ታመዋል፣ ይረፉና እነግራቸዋለሁ አልኩ።

ድንኳኑን ከደጁ ፊት ለፊት ተከልኩት። ብስክሌቴን ሣሩ ላይ አስተኛኋት። አጠገቧ ተቀመጥኩና ራሴን በሁለት እጄ ይዤ አቀረቀርኩ፤ ወገቤ ተቆርጦ ነው። በዚህ መሐል ጎረቤታቸው እማማ ድንቄ በአጥሩ በኩል ብቅ አሉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። እማማ ድንቄ አፋቸውን የፈቱት በጌዴኦኛ ነው፤ አማርኛ ላይ አንዳንዴ ወንዱን ሴት ያደርጉታል፣ አንቱታውንም ይተዉታል። ስሕተቱ የሳቸው አይደለም። እሳቸው ሦስት ቋንቋ ይናገራሉ፤ እኔ ነኝ በአንዷ እንኳ ሰው ማስረዳት ያቃተኝ።

ድንኳኑን ዐዩ። እኔን ዐዩ። «ሞተች እንዴ?» አሉኝ።

እግሬ ሥር የተጋደመችውን ብስክሌት ዐየሁና «ሞተች፣ እማማ!» አልኩ ከልቤ።

«መቼ?»

«አሁን ጠዋት። መንገዱ ጨረሳት።»

«ታማ ሰነበተች እኮ...»

«ሰነበተች! እኔ ነኝ ጥፋተኛው፤ ዛሬ ነገ እያልኩ ሳላሳያት።»

ከንፈራቸውን መጠጡ። ወደ ቤቱ አገጫቸውን ጠቆም አድርገው፣ በሹክሹክታ «አባባ ዱካለ?» አሉኝ።

እኔ ደግሞ በትሕትና፣ በጥሩ አማርኛ፣ ትምህርት ቤት እንዳስተማሩኝ፣ «አሁን ገና አረፉ» አልኳቸው።

አረፉ! ከዚህ ሁሉ ቃል! ጋደም አሉ ይባላል፣ ተኙ ይባላል፣ ሸለብ አደረጋቸው ይባላል። እኔ አረፉ አልኩ! ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው እየሮጡ ሄዱ። እኔ ለብስክሌቴ እንዲህ የሚያዝን ሰው በማግኘቴ ልቤ ተነካ።

ግማሽ ሰዓት አልሞላም፤ ሰው መምጣት ጀመረ። አንዱ አግዳሚ ይዞ፣ አንዱ እንጨት ተሸክሞ። እኔ የመሰለኝ የቡሌ ሰው እንግዳ አክባሪነት ነው። የእድሩ ዳኛ መጣና ድንኳኔን ዞሮ ዞሮ ዐየው።

«ይቺ ናት?» አለኝ።

«እሷ ናት።»

«ትበቃለች ብለህ ነው?»

እንግዲህ ዕቃዬ ሲናቅ አልወድም። «አንድ ሰው ከያዘች ምን ትሁን? ለአንድ አዳር ምን አነሳት?» አልኩት።

«አንድ አዳር? ነገ ልትነቅላት ነው?»

«ሰኞ ሥራ አለብኝ እኮ!»

ከላይ እስከ ታች ዐየኝ። ያቺን የተጣበቀችብኝን የብስክሌት ሱሪም ዐያት። «የከተማ ሰው!» ብሎ ፊቱን አዞረና ጎልማሶቹን ጠራ። ትልቁን ድንኳን በትከሻቸው አምጥተው በኔ ድንኳን ላይ ተከሉት። በላዩ ላይ! የኔዋ ከሥሩ ጉልቻ አክላ ቀረች። እኔ በብስጭት ልፈነዳ ነው፤ «ያልለመንኳችሁን ምን አድርጉ ነው?» እያልኩ ገመድ እጎትታለሁ። ሁለት ሰዎች በርኅራኄ ያዙኝና «ጽና፣ ጽና» አሉኝ። የቤተ ክርስቲያኑ የዝማሬ ቡድንም መጣ። ይሄኔ ብሩክ ካቴናውን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ደረሰና ስልኩን አውጥቶ «ዋው ጋሼ! ኮሚዩኒቲው እንዴት ሰፖርቲቭ ነው!» አለ።

ከዚያ አንዲት ሴት «ዱካለ! አንተ ደጉ ዱካለ!» ብላ ጮኸች። ገመዱን ለቀቅሁት። ድንኳን፣ ሞተች፣ አረፉ። ሁሉም ባንድ ጊዜ ገባኝ።

ለአስቴር ደወልኩ። «አባትሽ ደኅና ናቸው፤ ሞቱ የሚል ሰው ቢደውል እንዳታምኚ። ለእናትሽም ንገሪ» አልኳት። «ምን አደረግህ?» አለችኝ። ማን ምን ሆነ እንኳ አላለችም! ቀጥታ ምን አደረግህ!

በሩን ከፍቼ ገባሁ። አማቴ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ጆሯቸውን ግድግዳው ላይ ለጥፈዋል።

«አባባ፣ ሞቱ እያሉ ነው!»

«እሰማለሁ። ዝም በል፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌው እየተናገረ ነው።» ትንሽ አዳመጡ። «ትሑት ሰው ነበር ይላል። ባለፈው እሑድ እኮ ደረቅ ነህ ብሎኛል።»

«ወጥቼ ልንገራቸዋ!»

እጄን ያዙኝ። ፊታቸው ተለወጠ። «በራሶ ሰምቷል?»

«ደውለውላቸዋል።»

«ምን ብለው?»

«‹ዱካለን ትንሽ አሞታል፣ ቶሎ ና› ብለው።»

እኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም። «ትንሽ አሞታል፣ ቶሎ ና» ከተባላችሁ ግን ምን ማለት እንደሆነ ሕፃን ልጅም ያውቃል። አማቴ ብርድ ልብሱን አጥብቀው ያዙ። «እንግዲያው እንዳትናገር። ለልጄ ሠርግ በአካል ተጠርቶ የቀረ ሰው፣ ለቅሶዬን ይመጣ እንደሆነ ልየው» አሉ።  «ካልመጣም ልወቀው።»

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ዐውቃለሁ! አትቆጡኝ፣ እኔው ራሴን ስቆጣ ነው የከረምኩት። አራት ዓመት ያላወጣሁትን ቃል፣ ውጭ ሰው እያለቀሰ፣ እሳቸው በዚያ ዐይን እያዩኝ እንዴት ላውጣው? ጋሽ በራሶ ቢመጡ ጉዴ ፈላ። ባይመጡ ደግሞ ሽማግሌው በቁማቸው ሊሞቱብኝ ነው። ወጣሁና በሩ ላይ እንደ ዘበኛ ቆምኩ። «አንድ ጊዜ ልያቸው» ለሚለኝ ሁሉ «ወንድማቸው ይምጡ» እላለሁ። ሰዉም «እውነቱን ነው» እያለ ይመለሳል።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አንድ ሞተር ሳይክል በሩ ላይ ቆመ። ከኋላው ጋሽ በራሶ ወረዱ። ካፖርታቸው እስከ ደረታቸው ጭቃ ነው፤ አንድ ጫማቸው መንገድ ላይ ቀርቷል። ሁለት እርምጃ ሄዱና ድንኳኑ መግቢያ ላይ በጉልበታቸው ወደቁ።

«ወንድሜ!» አሉ። «በስልክ ጽሑፍ ጠራኸኝ ብዬ ቀረሁ! ‹እሑድ ሠርግ አለ፣ እንዳትቀር› ብለህ እንደ ማስታወቂያ ላክህብኝ ብዬ አራት ዓመት አኮረፍኩህ! ዛሬስ ማን ጠራኝ? ማንም ሳይጠራኝ መጣሁልህ! ምነው ያኔ ሳልጠራ ብመጣ ኖሮ!»

ከኋላዬ በሩ ተከፈተ። አማቴ ብርድ ልብሳቸውን እንደተከናነቡ ወጡ።

«የምን ጽሑፍ?» አሉ።

እንግዲህ ዝማሬው እንዴት እንደቆመ፣ አግዳሚው ከነሰዉ እንዴት እንደተገለበጠ፣ ማን በየትኛው አጥር ዘሎ እንደወጣ አልነግራችሁም። ብሩክ ስልኩን ጭቃ ውስጥ ጣለ። እማማ ድንቄ «ተነሣች!» ብለው ጮኹ። አማቴ ግን ማንንም አላዩም። ወንድማቸው ፊት ሄደው ቆሙ።

«የምን ጽሑፍ ነው የምትለው?»

ጋሽ በራሶ ከተንበረከኩበት ቀና ብለው ዐዩአቸው።  «አንተ... የላክኸው ነዋ።»

«እኔ ስልክ ላይ ስጽፍ ዐይተኸኝ ታውቃለህ?»

«አስጽፈህ ነዋ!»

«እኔ ይሄን ልጅ ነው የላክሁብህ! በአካል! ቤትህ ድረስ!»

ሁለቱም ወደኔ ዞሩ። የቀረውም ሰው ወደኔ ዞረ፤ አጥር ዘለው የወጡት ሁሉ ተመልሰው በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አሰገጉ።  ስለ ሱፉ ልነግራቸው አሰብኩ፣ ስለ ዝናቡ አሰብኩ። ተውኩት።

«አልሄድኩም» አልኩ። «ከእርስዎ ስልክ ጽፌ የላክሁት እኔ ነኝ አባባ። ጋሽ በራሶ፣ እሳቸው አያውቁም። አራት ዓመት ሙሉ መናገር አፈርኩ።»

 የእድሩ ዳኛ ሊናገር ጉሮሮውን ሲጠርግ አማቴ እጃቸውን አነሡና ዝም አሰኙት። ወንድማቸውን በብብታቸው ገብተው አነሡአቸው፤ ወስደው አግዳሚው ላይ አስቀመጧቸው። ከዚያ ወደኔ ዞሩ።

«ውጣ» አሉኝ።

ተባረርኩ ብዬ ብስክሌቴን ላነሣ ጎንበስ አልኩ።

«እሷን ተዋት። ከበሩ ውጣና ተመልሰህ ግባ። ይሄ ግቢ አሁን ወርቃ ነው፣ የበራሶ ቤት ነው። ያኔ የላክሁህን ሥራ አሁን ሥራ።»

በዚያ ሁሉ ሰው ፊት! በዚያች ሱሪ!  ግን ምን አፍ አለኝ? ወጣሁ፤ መንገዱ ላይ ትንሽ ቆምኩ። ከዚያ ሄልሜቴን አውልቄ በእጄ ይዤ ገባሁ። ሰዉ ለሁለት ተከፍሎ መንገድ ሰጠኝ። ጋሽ በራሶ ፊት ደርሼ እጅ ነሣሁ።

«ጋሽ በራሶ፣ ወንድምዎ አባባ ዱካለ ልከውኝ ነው። ልጃቸው አስቴር ልትዳር ነው። ሠርጉ ያለ እርስዎ ሠርግ አይሆንም ብለዋል። እንዳይቀሩባቸው።»

ጋሽ በራሶ ቀና ብለው ዐዩኝ። ጭቃ ያለበትን እጃቸውን ፊታቸው ላይ አሳለፉ።

«ቀኑ መቼ ነው?» አሉኝ።

ምን ልበላቸው? ልጃችን ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። አማቴን ዐየሁ። እሳቸው እኔን አላዩኝም፤ ወንድማቸውን ነበር የሚያዩት።

«አንተ የመጣህ ዕለት ነው» አሏቸው።